ሳካሪንና አፍላቶክሲን፦ ከምግብ ጋር የሚገቡ ነገሮች በካንሰር ረገድ እንዴት ይመረመራሉ?

ለዛሬው ትምህርታዊ ንግግራችን የመረጥነው ርእስ፥ ምግብን ለማጣፈጥ፥ ለማቅለም ወይም ከብልሽት ለመጠበቅ ተብሎ የሚጨመረው ነገር፥ እንዲሁም ሰው ሳያውቀው ከእህሉ ጋር ተደባልቆ ወደ ማዕድ የሚቀርበው ነገር፥ ካንሰር የሚባለውን ነቀርሳ ያመጣ እንደሆነና እንዳልሆነ ሊቃውንት መርምረው የሚያውቁበት መንገድ ነው።

በየገበያውና በየቡናው ላይ፥ ዛሬ ደግሞ በየእጅ ስልኩ፥ «እንዲህ ያለው ምግብ ካንሰር ያመጣል» የሚል ቃል በየጊዜው ይሰማል። ሰሚውም ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ የሰማውን ሁሉ አምኖ ከሚበላው ሁሉ ጋር ይጣላል፥ ወይ በወሬው ብዛት ታክቶት ማስጠንቀቂያውን ሁሉ፥ እውነተኛውንም ጭምር፥ ንቆ ይተዋል። ሁለቱም ስሕተት የሚመነጨው ፍርዱን ብቻ ሰምቶ ፍርዱ የቆመበትን ምስክርነት ካለመጠየቅ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ሊቃውንቱ የሚሠሩት ሥራ ብዙ ምስክሮችን ለየብቻ ጠርቶ፥ የእያንዳንዱን ቃል መዝኖ፥ አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይቶ እንደሚፈርድ ዳኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ ለማስረዳት፥ በአንድ ዘመን በአንድ ዓይነት ምርመራ ያለፉትን፥ መጨረሻቸው ግን ለየቅል የሆነውን ሁለት ነገሮች፥ ይኸውም ሳካሪን የተባለውን ሰው ሠራሽ ማጣፈጫና አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ፥ ጎን ለጎን አድርገን እንመለከታለን። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ጊዜ ነው። ፈጥኖ የሚገድል ወይም ፈጥኖ የሚያሳምም መርዝ ራሱን በራሱ ያጋልጣል፤ ካንሰር ግን መንሥኤው ወደ አካል ከገባ በኋላ ዐሥርና ሃያ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ዓመት ተሰውሮ ይቆያል። በ1902 በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሃርቪ ዋይሊ፥ በፈቃዳቸው የቀረቡ ወጣቶችን በዋሽንግተን በአንድ ገበታ እያስቀመጡ፥ በዚያ ዘመን ምግብን ከብልሽት ለመጠበቅ ይጨመሩ የነበሩትን ቦራክስን፥ ሳሊሲሊክ አሲድንና ፎርማልዲሃይድን እየመጠኑ ያበሏቸው ነበር። ይህ ድፍረት የተሞላበት ሙከራ የሆድ ሕመምንና የምግብ ፍላጎት መዘጋትን ለማወቅ ይበቃ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚነሣውን ነቀርሳ ለማወቅ ግን ከቶ አይበቃም። ሰውንም በካንሰር ለመፈተን ብሎ እያወቁ የተጠረጠረን ነገር ማብላት በሕግም በኅሊናም ዘንድ የተከለከለ ነው። እንግዲህ ምስክሩ ከሌላ ቦታ መገኘት ነበረበት።

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ከምግብ ሳይሆን ከጥቀርሻ ነው። በ1775 የለንደኑ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት፥ በልጅነታቸው በጠባብ የጭስ መውጫ ውስጥ እየገቡ ጥቀርሻ ሲጠርጉ ያደጉ ሰዎች በኋላ ዘመናቸው በብልት ከረጢት ቆዳ ላይ በካንሰር እንደሚያዙ አስተውለው ጻፉ። ከ140 ዓመት በኋላ፥ በ1915፥ ካትሱሳቡሮ ያማጊዋና ኮይቺ ኢቺካዋ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ሊቃውንት፥ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣውን ቅጥራን በጥንቸሎች ጆሮ ላይ ለወራት ሳይታክቱ እየደጋገሙ በመቀባት በእንስሳ ላይ ካንሰርን በሰው እጅ ለማስነሣት ቻሉ። በ1930ዎቹም እንዲሁ በጃፓን፥ ቅቤንና የመሰለውን ምግብ ለማቅለም ያገለግል የነበረው ቢጫ ቀለም በዐይጠ መጎጥ ጉበት ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ታወቀ። በዚህ ጊዜ ነበር ለዓይን ደስ እንዲያሰኝ ብቻ ተብሎ ወደ ምግብ የሚገባ ነገር ሰውን በስውር ሊጎዳ እንደሚችል ማስተዋል የተጀመረው። በ1958ም የአሜሪካ ምክር ቤት፥ ከኒው ዮርክ በተመረጡት እንደራሴ በጄምስ ዴላኒ ስም የሚጠራውን አንቀጽ አወጣ፤ በሰው ወይም በእንስሳ ላይ ካንሰር ማምጣቱ የተረጋገጠ ማናቸውም የምግብ ጭማሪ፥ መጠኑ ቢያንስም ቢበዛም፥ ከቶ አይፈቀድም የሚል ነው።

ሕጉ ከወጣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፥ ማንም ያልጨመረው መርዝ ራሱን ገለጠ። በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ ቱርኪ የሚባሉ ትላልቅ የቤት አዕዋፍ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ምርመራው ከብራዚል ወደመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ አመራ፤ ፋጉሎው ላይ ደግሞ አስፐርጊለስ ፍላቩስ የተባለ ሻጋታ በቅሎበት ተገኘ፤ ሻጋታው የሚያመነጨውም መርዝ በስሙ አፍላቶክሲን ተባለ። አዕዋፉን የፈጃቸው በጉበታቸው ላይ የደረሰው ድንገተኛ ጉዳት ነበር፤ ነገር ግን ይህንኑ መርዝ በጥቂቱ እየተመገቡ የቆዩ ዐይጠ መጎጦች በጉበት ካንሰር እንደሚያዙ በታወቀ ጊዜ ነገሩ ከአዕዋፍ ጤና አልፎ የሰው ልጅ ጉዳይ ሆነ። ሳካሪን ግን በዚያን ጊዜ የቆየ ወዳጅ ነበር። በ1879 በባልቲሞር በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፥ ኮንስታንቲን ፋልበርግ ከቅጥራን የሚገኙ ነገሮችን ሲመረምር ውሎ እጁ ላይ በቀረው ጣፋጭ ቅምሻ ያገኘው ሲሆን፥ ጣፋጭነቱ ከስኳር ወደ 300 እጥፍ የሚደርስ፥ በአካል ውስጥ ሳይለወጥ በሽንት የሚወጣ በመሆኑ፥ የስኳር በሽታ ያለባቸው ሕሙማን ለብዙ ዘመን እንደ በረከት ተቀብለውት ኖረዋል።

አሁን ወደ ምስክሮቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ምስክር በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ካንሰር የሚነሣው በሕዋስ ውስጥ የተጻፈው የዘር መመሪያ፥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው፥ በተበላሸ ጊዜ በመሆኑ፥ ይህን መመሪያ የሚያበላሽ ነገር ሁሉ መጠርጠር አለበት። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ብሩስ ኤምስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን ጥርጣሬ ወደ ቀላል ፈተና ለወጡት። ሂስቲዲን የሚባለውን ለሕይወት አስፈላጊ ነገር ራሱ ማዘጋጀት እንዳይችል ሆኖ መመሪያው የተሰበረ የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ወስደው፥ ሂስቲዲን በሌለበት ሳሕን ላይ ከሚመረመረው ነገር ጋር ያኖሩታል። ነገሩ ዲ.ኤን.ኤ.ን የማያውክ ከሆነ ባክቴሪያው ተርቦ ይቀራል፤ የሚያውክ ከሆነ ግን ከብዙ ሚሊዮኖቹ መካከል ጥቂቶቹ በለውጡ ምክንያት የተሰበረው መመሪያቸው ተጠግኖ ይባዛሉ፥ በሁለት ቀንም ውስጥ በሳሕኑ ላይ በዓይን የሚታዩ ነጠብጣቦች ሆነው ይቆጠራሉ። ነገር ግን ብዙ ነገር ወደ መርዝነት የሚለወጠው በጉበት ውስጥ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፥ ከዐይጠ መጎጥ ጉበት የተጨመቀ ፈሳሽ ከሳሕኑ ጋር ይጨመራል። አፍላቶክሲን በዚህ ፈተና ወዲያውኑ ተጋለጠ፤ ከጉበቱ ፈሳሽ ጋር በተገናኘ ጊዜ የዘር መመሪያን እጅግ አጥብቀው ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኘ። ሳካሪን ግን በባክቴሪያው ፊት ንጹሕ ሆኖ አለፈ።

ይህ ምስክር ርካሽና ፈጣን መሆኑ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜም ከትልቁ ምስክር፥ ከእንስሳው፥ የሚቀድም መሆኑ በጃፓን ታይቷል። በዚያ አገር ኤ.ኤፍ.-2 የተባለ መጠበቂያ ከ1965 ጀምሮ በአኩሪ አተር አይብና በዓሣ ቋሊማ ላይ ይጨመር ነበር፤ ቀድሞ በእንስሳት ላይ በተደረገው ሙከራም ካንሰር እንደሚያመጣ አልታየም ነበር። በኋላ ግን ባክቴሪያው መሰከረበት፤ በዚህ ተነሥተው ሊቃውንቱ በእንስሳት ላይ ምርመራውን እንደገና አጥብቀው ባካሄዱት ጊዜ ካንሰር ማምጣቱ ተረጋገጠና በ1974 ታገደ።

ሁለተኛውና ትልቁ ምስክር የቤተ ሙከራው ዐይጥና ዐይጠ መጎጥ ነው። በተለመደው ሥርዓት፥ ከእያንዳንዱ ፆታ 50 እንስሳ ያለበት ጭፍራ ይዘጋጃል፤ አንዱ ጭፍራ የሚመረመረውን ነገር ከቶ አይቀምስም፥ ሌሎቹ ሦስቱ ግን በጥቂት፥ በመካከለኛና በብዙ መጠን ይመገቡታል፤ ይህም የእንስሳቱን ዕድሜ አብዛኛውን ክፍል በሚይዝ በሁለት ዓመት ውስጥ ሳይቋረጥ ይፈጸማል። ከዚያም እንስሳቱ ይታረዱና ከእያንዳንዳቸው ወደ አርባ የሚደርስ የአካል ክፍል ይወጣል፤ በሰም ተይዞ እጅግ ስስ ሆኖ ይቆረጣል፥ በቀለም ይነከራል፥ ፓቶሎጂስት የተባለው የበሽታ መርማሪም በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ያየዋል። ዐይጥ በስተርጅናው ያለ ምንም መርዝ እጢ ሊያበቅል ስለሚችል፥ ጥያቄው «እጢ ተገኘ ወይ?» የሚል አይደለም፤ ነገሩን ከበሉት መካከል ካልበሉት ይልቅ የበዛ፥ ከመጠኑም ጋር አብሮ የሚጨምር እጢ ተገኘ ወይ የሚል ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ሰው በቀን ጥቂት ግራም እንኳ የማይቀምሰውን ነገር ለዐይጥ ያን ያህል አብዝቶ ማብላት ፍትሕ ነውን? ምክንያቱ በቍጥር ይገለጣል። ከ1,000 ሰው አንዱን በካንሰር የሚያስይዝ ነገር፥ ከ100 ሚሊዮን በሚበልጥ ሕዝብ ዘንድ ከ100,000 የሚበልጥ ሕሙም ያፈራል፤ በ50 ዐይጦች መካከል ግን አንድ እንኳ ላይታይ ይችላል። በሚሊዮን የሚቆጠር ዐይጥ ማርባት ስለማይቻል፥ ሊቃውንቱ እንስሳው በመመረዝ ሳይሞት ሊታገሠው የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ይሰጣሉ። ይህ ዘዴ ብልሃት አለው፤ ጣጣም አለው፤ ምክንያቱም በብዙ መጠን የሚደርሰው ጉዳት በጥቂት መጠን ከሚደርሰው ጉዳት ጋር በመጠን ብቻ ሳይሆን በጠባይም ሊለይ ይችላል።

ሳካሪንን ያገኘው መከራ ይኸው ነበር። በ1977 በካናዳ መንግሥት ሊቃውንት የተደረገው ሙከራ፥ ከምግባቸው አምስት በመቶው ሳካሪን ሆኖ በልጅና በወላጅ ትውልድ ያደጉ ወንድ ዐይጠ መጎጦች በሽንት ፊኛቸው እጢ እንዳበቀሉ አሳየ። አምስት በመቶ ማለት፥ በቀን ግማሽ ኪሎ ደረቅ ምግብ ለሚበላ ሰው 25 ግራም ንጹሕ ሳካሪን ማለት ነው፤ ይህም በጣፋጭነቱ ከሰባት ኪሎ የሚበልጥ ስኳር ይተካል። ካናዳ ሳካሪንን ከምግብ አገደች፤ በአሜሪካ ግን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዴላኒ አንቀጽ መሠረት እገዳ ባሰበ ጊዜ፥ የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎችና ሌላውም ሕዝብ ተቃውሞውን አነሣ፤ ምክር ቤቱም እገዳውን አቆይቶ በምትኩ በማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ።

እንግዲህ ሦስተኛው ምስክር፥ ከሁሉም ይልቅ ቃሉ የሚከብደው፥ ራሱ ሰው ነው። በሰው ላይ ሙከራ ማድረግ ባይፈቀድም፥ ሰዎች በገዛ ኑሯቸው የበሉትንና ያገኛቸውን ደዌ እያነጻጸሩ መመርመር ይቻላል። በ1980 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፥ የፊኛ ካንሰር ያለባቸውን ወደ 3,000 ሕሙማን ከ5,700 ከሚበልጡ ጤነኞች ጋር አስተያይቶ፥ በጠቅላላው ሳካሪን መጠቀም የካንሰሩን አደጋ እንደማይጨምር ገለጠ። ስለ አፍላቶክሲን ግን ሰው የሰጠው ምስክርነት ፍጹም ሌላ ነው። በሻንጋይ ከተማ ከ18,000 የሚበልጡ ወንዶች ሽንታቸውን ሰጥተው በዓመታት ክትትል በታዩ ጊዜ፥ በሽንታቸው የአፍላቶክሲን ምልክት ብቻ የተገኘባቸው ሰዎች ምልክቱም ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስም ካልተገኘባቸው ይልቅ በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ገደማ፥ ቫይረሱ ብቻ ያለባቸው ሰባት እጥፍ ገደማ፥ ሁለቱም የተገናኙባቸው ግን ወደ 60 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ክፉዎች ሲተባበሩ የሚያደርሱት ጥፋት የሁለቱ ድምር ብቻ እንዳልሆነ ይህ ጥናት አስተማረ።

አንድ ምስክር «አዎን» ሌላው «አይደለም» ባለ ጊዜ ዳኛው ምክንያቱን ይጠይቃል፤ በሳካሪንም ዘንድ የሆነው ይኸው ነው። በአሜሪካ በኔብራስካ የሳሙኤል ኮኸን ቤተ ሙከራና ሌሎችም ለዓመታት ነገሩን ሲመረምሩ ቆይተው፥ በብዙ መጠን ሶዲየም ሳካሪን የሚበላው የዐይጠ መጎጥ ሽንት በፕሮቲንና በካልሲየም ፎስፌት የበለጸገ በመሆኑ፥ በፊኛው ውስጥ ደቃቅ ጠጣር ነገር እንደሚፈጠር፥ ይህም የፊኛውን ውስጣዊ ገጽ እየፋቀ እንደሚያቈስለው፥ ሕዋሳቱም ቍስሉን ለመሸፈን ያለ ዕረፍት ሲባዙ በመጨረሻ እጢ እንደሚሆኑ አስረዱ። የሰው ሽንት እንደዚህ ያለ ጠባይ የለውም፤ እስከ 24 ዓመት ድረስ ሳካሪን ሲሰጣቸው የኖሩ ጦጣዎችም በፊኛቸው ካንሰር አልተገኘባቸውም። ስለዚህ ዐይጠ መጎጡ ስለ ራሱ እውነት ተናግሮ ነበር፤ የሳተው ስለ ሰው እንደመሰከረ አድርጎ ቃሉን የተቀበለው ነው። በ1999 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ሳካሪንን ከተጠርጣሪዎቹ መዝገብ አውጥቶ ሊወሰንባቸው ከማይቻሉት ወገን መደበው፤ በ2000ም የአሜሪካ መንግሥት ከካንሰር አምጪዎች ዝርዝር ሰረዘው፥ የማስጠንቀቂያውም ሕግ ተሻረ።

ስሙን የጠቀስነው ድርጅት፥ መቀመጫው በፈረንሳይ አገር በሊዮን ሆኖ በ1965 የተቋቋመው፥ ብዙ ጊዜ በዜና ስሙ የሚነሣ በመሆኑ ሥራውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ድርጅቱ ነገሮችን በአራት ማዕረግ ይመድባል፤ በአንደኛው በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው የተረጋገጠው፥ በ2ኤ ሳይሆን የማይቀር የሚመስለው፥ በ2ቢ ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚጠረጠረው፥ በሦስተኛው ደግሞ መረጃው የማይበቃው ይገኛሉ። ይህ ድልድል የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጽናት እንጂ ስለ አደጋው መጠን አይደለም። በ2015 በማቆያ የተዘጋጀ ሥጋ፥ ቋሊማን የመሰለው፥ ትንባሆ ባለበት በአንደኛው ማዕረግ በተመደበ ጊዜ ብዙዎች ሁለቱ እኩል የሚገድሉ መሰላቸው፤ የተባለው ግን ስለ ሁለቱም ያለው ማስረጃ እኩል የጸና ነው የሚል ብቻ ነበር።

መጠኑን የሚወስነው ሌላ ጉባኤ ነው። የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቆሙት፥ ከ1956 ጀምሮ የሚሰበሰበው የሊቃውንት ጉባኤ፥ በእንስሳት ላይ ምንም ጉዳት ያላደረሰውን ከፍተኛ መጠን ወስዶ አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ያካፍለዋል፤ ዐሥሩ ሰው ከእንስሳ ስለሚለይ፥ ዐሥሩ ደግሞ ሰውም ከሰው ስለሚለይ ነው። በሐምሌ ወር 2023 የሊዮኑ ድርጅት አስፓርቴም የተባለውን ማጣፈጫ በ2ቢ በመደበበት ቀን፥ ይህ ጉባኤ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊ ግራም የሚለውን የቀድሞ ወሰን አጸና፤ ይህም 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወሰኑን ለማለፍ ከሌላ ምግብ አስፓርቴም ካላገኘ ከ9 እስከ 14 ቆርቆሮ የሚደርስ ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጥ በቀን መጠጣት ይኖርበታል ማለት ነው። አንዱ «ሊጎዳ የሚችል ነውን?» ብሎ ጠየቀ፥ ሌላው «በምንበላው ልክ ይጎዳልን?» ብሎ ጠየቀ፤ መልሶቹም አልተጣሉም። ሆኖም ይህ በ100 የማካፈል ሥርዓት የዘር መመሪያን በቀጥታ ለሚያበላሹ ነገሮች አያገለግልም፤ ለእነዚህ ጉዳት የለውም ተብሎ በእርግጥ የሚታመን ወሰን ስለማይገኝ፥ የሚቻለውን ያህል መቀነስ ብቻ ነው ሕጉ። አፍላቶክሲን ከእነዚህ ወገን ነው፤ ባክቴሪያውም፥ ዐይጡም፥ ሰውም በአንድ ቃል መስክረውበታልና በአንደኛው ማዕረግ ተመድቧል።

ይህ ወደ አገራችን ጓዳ ያደርሰናል። በኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች አፍላቶክሲን በኦቾሎኒ፥ በበቆሎ፥ በጉድጓድ በሚከማች ማሽላና በበርበሬ ተገኝቷል፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች ላይ የተደረገ ጥናትም ከመኖ ጋር፥ በተለይም ከኑግ ፋጉሎ ጋር፥ መርዙ ወደ ላሞቹ እንደሚገባ፥ ላሟም በጉበቷ ለውጣ በወተት እንደምታወጣው አሳይቷል። ተራ ማብሰል ይህን መርዝ አያጠፋውም፤ ሻጋታውን ጠርጎ መጣልም በውስጡ የሠረገውን አያወጣውም። መድኃኒቱ አዝመራን ከመሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በቆጥ ላይ ፈጥኖ ማድረቅ፥ እርጥበት በማይደርስበት ማስቀመጥ፥ የተሸበሸበውንና የሻገተውን ፍሬ ለቅሞ መጣል፥ የተጣለውንም ለከብትና ለዶሮ አለመስጠት ነው፤ ሕፃናትን ከሄፓታይተስ ቢ የሚጠብቀውን ክትባት ማስከተብም የዚሁ ጥበቃ ክፍል ነው።

እንግዲህ አድማጮቻችን፥ ከእንግዲህ ወዲያ ስለ አንድ ምግብ «ካንሰር ያመጣል» የሚል ቃል በሰማችሁ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የመሰከረው ማን ነው፥ ባክቴሪያ ነው፥ ዐይጥ ነው ወይስ ሰው? በምን ያህል መጠን ነው የታየው? ጉዳቱስ የሚደርስበት መንገድ በሰው አካል ውስጥ አለ ወይስ የለም? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው፥ እንግዳ ስም ያለውን ማጣፈጫ እየፈራ በገዛ ጎተራው የሻገተውን ኦቾሎኒ ግን «አባቶቻችንም በልተውታል» ብሎ አይበላም፤ ፍርሃቱን ማስረጃው ወደሚያመለክተው ስፍራ ይመልሳልና።